ቍርጥማት ብቻ ነውን?
(ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «አጥንቴን አመመኝ» ሲሉን «ሸክሙ ነው፣ ቍርጥማት ነው» እንላቸዋለን። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ካረፉም በኋላ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ የኩላሊት ጠጠር ከተመላለሰ፣ አጥንት በትንሽ ነገር ከተሰበረ፣ ጥማት፣ ድካምና የሆድ ድርቀት ከተጨመረ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል።

እንቅርት ከሚወጣበት ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ 4 ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው በደም ያለውን የካልሲየም መጠን መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ብቻ አድጎ ያለ ልክ ይሠራል፤ ካልሲየሙንም ከአጥንት እየሳበ ወደ ደም ያስገባል። አጥንት ይሳሳል፤ በኩላሊትም ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። እንደ እንቅርት በዓይን ስለማይታይ በሽተኛዋ ለዓመታት ትሠቃያለች።

ምርመራው ከደም ይጀምራል። ካልሲየሙና የዕጢው ሆርሞን አብረው ከፍ ካሉ ይህ በሽታ ይጠረጠራል። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ካልሲየሙ ዝቅ ካለ ግን የቫይታሚን ዲ እጥረት ወይም የኩላሊት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል። በሽታው ከተረጋገጠ ያደገው ዕጢ በአልትራሳውንድና በሌሎች የምስል ምርመራዎች ይፈለጋል፤ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1925 ፊሊክስ ማንድል የተባለ ሐኪም በቪየና ከተማ አጥንቱ የተጎዳ የትራም ሠራተኛን በዚህ መንገድ አከመ። ዛሬ በሠለጠነ እጅ ከ100 በሽተኞች 95 ያህሉ ይድናሉ። የድምፅ ነርቭ እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከንፈርና ጣት ቢደነዝዝ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መመለስ ይገባል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ ስለ አጥንት ሕመም ብቻ ሳይሆን ስለ ጠጠርና ስለ ስብራትም ጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ምሩ። ምእመናን ሆይ፣ በቀን ገቢ የምትኖር እናት ለምርመራ ስትሄድ የዕለት እንጀራዋን ትተዋለች። የምርመራና የመጓጓዣ ወጪዋን እንቻል፤ ልጆቿንም እንጠብቅላት።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን አይቶ አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ወደ ማደሪያ ወሰደው፣ ወጪውንም ከፈለ። እኛም እንጸልይ፤ ጸልየንም እጇን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሳት።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።