ክላሽና ጥይት የማይበሳው ልብስ ይጠብቀናልን?

(በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለሚገኙ ጀማዓዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ፣ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ ላይ ይሁን።



በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ተቃጠሉ። ሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ጀናዛ ሊቀብሩ የወጡ ወንድሞቻችን ተገደሉ። ግንቦት 2015 በሸገር ከተማ የፈረሱትን መስጂዶች በመቃወማችን አንዋር መስጂድ ደጃፍ ላይ ደም ፈሰሰ። ታዲያ እያንዳንዳችን ክላሽ አንግተን፣ ጥይት የማይበሳውን ልብስ ደርበን ብንወጣ ምን ነውር አለው? ይላሉ። ይህ የፈሪ ጥያቄ አይደለምና በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ መልስ ልንሰጠው ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ዲናችን ራስን መከላከልን አልከለከለም። ነፍሱን፣ ቤተሰቡንና ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሸሂድ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እርሳቸውም በኡሑድ ዕለት ሁለት ጥሩር ደርበው ለብሰዋል። ስለዚህ መከላከያ መልበስ ተወኩልን አያፈርስም። ጥያቄያችን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም ሳይሆን፣ ዛሬ እኛን የሚያድነን የትኛው ሰበብ ነው የሚል ነው።

ልብሱን እንመልከት። ቀላሉ ዓይነት የሽጉጥ ጥይት ቢያስቆም እንጂ የክላሽን ጥይት አያስቆምም። የክላሽን ለማስቆም ጠንካራ ሳህን ያስፈልገዋል፤ እርሱም ከባድ ነው፣ የሚሸፍነውም ደረትና ጀርባን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለባሹን ከሩቅ ተዋጊ ያስመስለዋል። ተዋጊ በበዛበት አገር ደግሞ ተዋጊ መምሰል ራሱ አደጋ ነው።

መሣሪያውስ? በአካባቢያችን ጠመንጃ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል፣ ይህን አንክድም። ግን ዛሬ ጠመንጃ አለበት የተባለን ቤት ሁለት ወገን ያንኳኳል። አንዱ «ለማን ልትተኩስ ነው የያዝከው?» ይላል፣ ሌላው «አምጣ!» ይላል። ባለሱቁና አርሶ አደሩ በሁለቱ መካከል ይቀራሉ። በዚያ ላይ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል።

ከራሳችን ትግልም እንማር። በ2004 ነጭ ወረቀትና ቢጫ ካርድ ይዘን ወጣን፤ የወከልናቸው የኮሚቴ አባላት ግን በጸረ ሽብር አዋጅ ተከሰው እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ሕዝቡ ክሱን ያላመነው በእጃችን የነበረውን በዓይኑ ስላየ ነው። ክላሽ ይዘን ብንወጣ ኖሮ ከሳሾቻችን ያጡትን ማስረጃ በእጃችን በሰጠናቸው ነበር።

የዚህ አፈር ልጆችም ይህንን ያውቃሉ። ሚያዝያ 2006 የአምቦ ተማሪዎች፣ ኅዳር 2008 የጊንጪ ተማሪዎች ጠመንጃ አልያዙም። የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 2008 ሪዮ ላይ ለዓለም ያሳየው ባዶ እጁን አጣምሮ ነው። «ባዶ እጃቸውን የወጡትም እኮ ተገደሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዋጋው ከባድ ነበር። ነገር ግን ማስተር ፕላኑ ጥር 2008 የተሰረዘው በታጠቀ ኃይል ሳይሆን፣ ዝም ባላለው ሕዝብ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ከሑደይቢያ በኋላ ሰሓቦች ለዑምራ መካ ሲገቡ ሰይፋቸው በአፎቱ ነበር። ፈቃድ ያለው መሣሪያ እንኳ ቢኖረን፣ ለሰው ማስፈራሪያ በአደባባይ የሚንጠለጠል አይደለም።

እንግዲህ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለታችን አይደለም። እንዲህ እናድርግ፦

አንደኛ፣ የመስጂዳችንን ጥበቃ በተራ እናደራጅ። ሌሊትም ሆነ ጁሙዓ ከሁለት ያላነሰ ሰው፣ ያለ መሣሪያ፣ ስልክና ባትሪ ይዞ ይቁም።

ሁለተኛ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ ከአባ ገዳዎችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ቃል እንግባ። ችግር ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ ወደ መስጂድና ወደ ሰልፍ አናስገባ። ይዞ የመጣ ቢኖር በጨዋነት እንመልሰው፤ አንድ ተኩስ የሺህ ሰው ድምፅ ያፍናልና።

አራተኛ፣ የዜጎችን ደኅንነት መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ መሆኑን በጽሑፍ፣ በስምና በፊርማ ደጋግመን እንጠይቅ። ሁላችንም ከታጠቅን ግዴታውን እኛው አነሳንለት ማለት ነው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ የሞቱብንን ይማርልን፣ በሰላማዊ መንገዳችን ላይ ያጽናን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!