በጤና ምርምር የዶክትሬት ነፃ ትምህርት፦ ተመራቂው ወዴት ይመለሳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በጤናና በሕክምና ምርምር ስለሚሰጠው የዶክትሬት ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ዕድሉን የሚሰጡትን ድርጅቶች እየዘረዘርሁ፣ የማመልከቻውን ቀን እያስታወስሁ ጊዜያችሁን ልወስድ አልፈልግም፤ ይህን የሚሻ ሁሉ ከየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያገኘዋል። እኔ ማንሣት የምፈልገው በማስታወቂያው ላይ የማይጻፈውን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ተማሪው ማዕረጉን ካገኘ በኋላ የሚመለሰው ወደ ምንድን ነው? የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በቋንቋችን «ዶክተር» ስንል ሐኪሙንም፣ የምርምር ማዕረግ ያለውንም ሰው በአንድ ስም እንጠራለን። ይህ ለሰላምታ አያስቸግርም፤ ለአስተዳደር ግን ያስቸግራል። ሐኪም ሕመምተኛ የሚያክም ሰው ነው። የምርምር ዶክትሬት ያለው ሰው ደግሞ መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ለይቶ፣ መልሱን የሚፈልግበትን ዘዴ ነድፎ፣ ያገኘውንም ለባለሙያዎች ትችት አቅርቦ የሚሟገት ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሲገናኙም መልካም ነው። ሆኖም ለሐኪሙ አልጋና መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ተመራማሪውም የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል። አንድ ቀዶ ሐኪም ሠልጥኖ ሲመለስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ቢመደብ ሁላችንም እንጮኻለን። አንድ ተመራማሪ ላቦራቶሪም፣ መዝገብም፣ ረዳትም ወደሌለበት ክፍል ሲመለስ ግን እንኳን ደስ ያለህ ብለን ወደየሥራችን እንሄዳለን።

በዓለም ደረጃ ያለው ሚዛን ምን እንደሚመስል ለማስታወስ ያህል አንድ ቁጥር ልጥቀስ። ለልማት የሚደረገውን የጤና ምርምር የመረመረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1990 ባወጣው ዘገባ፣ መከላከል ከሚቻለው የሞት ሸክም 93 በመቶው በታዳጊ አገሮች ላይ ሲወድቅ፣ በዓለም ለጤና ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ግን ለእነዚህ አገሮች ችግር የሚውለው 5 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን ገልጾ ነበር። ዘገባው ከወጣ ብዙ ዓመታት ስላለፉ ቁጥሩን እንደ ዛሬ አድርጌ አልጠቅሰውም። የኮሚሽኑ ምክር ግን አሁንም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ እያንዳንዱ አገር ድኻም ቢሆን የራሱን ጥያቄ ራሱ የሚመረምርበት አቅም ይኑረው የሚል ነበርና።

የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አክሊሉ በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዚያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። የበሽታውን ጥገኛ ትል ለሰው የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን ለሳሙና ሲጠቀሙበት የኖሩት ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1966 በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዐድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ በሽታው በጠቅላላው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ፣ በትናንሽ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሥራ ጓደኛቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየአውራጃው የተሰበሰበውን የእንዶድ ዘር እያወዳደሩ ኃይለኛውን መረጡ። ሁለቱ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

እስከዚህ ያለው የሚያስደስተው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እንዲህ ነው። እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ እንዲውል ከተፈለገ ለሰው፣ ለእንስሳና ለዓሣ ያለው መርዛማነት በዓለም አቀፍ ደንብ በታወቀ ላቦራቶሪ መመርመር ነበረበት። በአገር ውስጥ የተገኘው ውጤት ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪም በአገራችን አልነበረም። ምርመራው የውጭ ገንዘብና የውጭ ላቦራቶሪ ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የሚባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ወጣና የዓለም ትኩረት ወደዚያ ዞረ። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በመውጣቱ የሚያዝን የለም። እኔ የምለው፣ የተማረ ሰውም፣ ጥሩ ጥያቄም፣ የመስክ ማስረጃም እያለን የጎደለው የመጨረሻው እርከን ሥራውን ለረጅም ዘመን አስቆመው ነው። የአንድን ሰው ትምህርት የሚከፍል ነፃ ዕድል ይህን እርከን አይገዛም።

ከዚህ በተለየ መንገድ የተሠራ ሥራ ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ፣ በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍልና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ፣ በስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ረዳትነት፣ በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ የቤተሰብ መዝገብ ከፈቱ። መዝገቡ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚል ነው። ጥቅሙን ለማስተዋል ግን በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከመቶ ሕፃናት ስንቱ ይሞታል ለማለት አስቀድሞ መቶው መቆጠር አለበት። በየቀበሌው የሚኖሩ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የቆጠሩት ይህንኑ ነው። ሰው በሞተ ጊዜም ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ሕመሙ እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንደጨረሰ ይጠይቃሉ፤ የሞቱ ምክንያት ከዚያ ይገመታል። ይህ በለቅሶ ቤት የሚደረግ ጥያቄ ምን ያህል ትዕግሥትና ጨዋነት እንደሚጠይቅ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁት መንገር አያስፈልገኝም።

የዶክትሬት ተማሪዎቹ የተተከሉት በዚህ መዝገብ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ያቋቋሙት ዶክተር ደስታ ሻሜቦ በ1993 የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በኡሜኦ ያቀረቡት በዚሁ መስክ ነበር። ከእርሳቸውም በኋላ በሕፃናት የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ በእናቶች ጤና፣ በአእምሮ ሕመም የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ከዚያው ወጥተዋል። ተማሪው ጥቂት ወራት ስዊድን ይቀመጣል፤ ኮርስ ይወስዳል፤ ከአማካሪው ጋር ይከራከራል፤ ከዚያ ወደ ቡታጅራ ተመልሶ መረጃ ይሰበስባል፤ እንደገናም ይሄዳል። ይህን አሠራር ባልደረቦቻችን «ሳንድዊች» ይሉታል። ስሙ ለእንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ አይመጥንም፤ ሆኖም ለምደነዋል። ከ1998 ጀምሮ በዚሁ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ለከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀው ሕመምተኞቹ ለዓመታት ሲከታተሉ የቻሉት ሕዝቡ ጠያቂውን ስለ ለመደ ጭምር ነው። ሁለተኛው ተማሪ ከመጀመሪያው ተማሪ ሥራ ላይ ጀመረ ማለት ነው። ለእኔ የነፃ ትምህርት ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከባዶ ይጀምራል ወይስ አይጀምርም?

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ድኻ አገር ላቦራቶሪው እስኪሠራ ድረስ ሰው ሳያስተምር አይቆይም፤ አስቀድሞ ሰው ይላክ፤ ተቋሙን የተማረው ሰው ራሱ ያቆመዋል» ይባላል። አክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩቱን ማቆማቸው ይህን የሚደግፍ ይመስላል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ከብዙ ተመላሾች መካከል ይህን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ የምርምር ችሎታና የተቋም መሥራችነት ችሎታም አንድ አይደሉም። ጎበዝ የሆነ የሞለኪውል ባዮሎጂ ባለሙያ የግዥ ደብዳቤ ሲከታተልና ማቀዝቀዣ ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ ሁለት ዓመት ቢያልፈው ዕውቀቱ ይዝጋል። በአንድ መሥሪያ ቤት የማውቀው ተመላሽ ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ስለማይሠራ ያጠራቀመውን የደም ናሙና በሙሉ ጥሎታል። ከዓመት በኋላ ለሌላ ነፃ ዕድል አመለከተ። እኔ አልፈረድሁበትም።

ይህንን ችግር በውልና በዋስ ለመፍታት መሞከር የቆየ ልማዳችን ነው። ተማሪው ተመልሶ ይህን ያህል ዓመት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ባይመለስ ዋሱ ይከፍላል። መንግሥት ያወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ውሉ ተገቢ ነው። ሆኖም ዋስ የሚይዘው ሰውየውን እንጂ ሥራውን አይደለም። ተመላሹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓመታቱን ቢቆጥር ውሉ ተፈጽሟል ይባላል። ውሉ ደግሞ ባንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ነው፤ ተማሪው ሊፈጽም የሚገባውን ይዘረዝራል፤ መሥሪያ ቤቱ ለተመላሹ ሊያዘጋጅ የሚገባውን ግን አንድም አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1975 የተቋቋመው የሐሩር በሽታዎች ምርምርና ሥልጠና ልዩ ፕሮግራም ለተመላሽ ተመራማሪዎች የሥራ መጀመሪያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። የነፃ ትምህርቱን አንድ ክፍል ከምረቃ በኋላ ላሉት ዓመታት ማቆየት ማለት ነው። እንደዚህ ያለው ሐሳብ በየበጀቱ ተደጋግሞ ሊገባ ሲገባው በየጊዜው ይረሳል።

ተማሪውን ከመላክ ይልቅ መምህሩን ማምጣት ምን እንደሚያስገኝ ደግሞ በሥነ አእምሮ ሕክምና ታይቷል። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሲከፈት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተፈራረቁ እየመጡ አስተማሩ። የሠለጠኑት ሐኪሞች አብዛኞቹ በአገር ውስጥ ቆዩ፤ ቆይቶም በዚያው መሠረት ላይ በአእምሮ ጤና የዶክትሬት ትምህርት በአገር ቤት ተጀመረ። ሕፃን ያላት ሴት ባልደረባችን ከቤቷ ሳትርቅ ለማዕረግ ልትበቃ የምትችለው በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው፤ ከሌሎቹ ጥቅሞች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ነገር ግን የአገር ቤት ትምህርትም የራሱ ሕመም አለበት። አንድ አማካሪ ቀን በክፍል፣ ከሰዓት በኋላ በሕመምተኛ፣ ማታ በግል ክሊኒክ ሲውል የተማሪው ረቂቅ በጠረጴዛው ላይ ወራት ይቀመጣል። ለተማሪው የኪስ ገንዘብ ተቆርጦ ለአማካሪው ጊዜ ምንም የማይቆረጥበት ነፃ ትምህርት ግማሽ ነፃ ትምህርት ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የቡታጅራ ገበሬ ስለ ሞተ ልጁ የመለሰው በራሱ ቋንቋ ነው። መልሱ ወደ እንግሊዝኛ ተለውጦ በውጭ መጽሔት ታትሟል፤ የተማሪውም ማዕረግ ከዚያ ተገኝቷል። በዚህ ነውር የለም፤ የሳይንስ ገበያ በዚያ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ከመመረቂያው ጽሑፍ ተውጣጥቶ በአማርኛ የተጻፈ አሥር ገጽ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መድረስ ነበረበት፤ አሥር ገጽ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ግዴታ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ አመልካቾችን የሚመርጡት ኮሚቴዎችም ከመካከላችሁ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ በማመልከቻው ቅጽ ላይ አንዲት ገጽ እንድትጨመር ለውይይት አቀርባለሁ። ገጽዋን የሚሞላት አመልካቹ ሳይሆን የሚልከው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሆናል። ተመላሹ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ከሳምንቱ ስንት ቀን ለምርምር ነፃ እንደሚሆን፣ ናሙናውና መዝገቡ የት እንደሚጠበቁ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚማረው ማን እንደሆነ በስሙ ጽፎ ይፈርምባት። ይህችን ገጽ ባዶ አድርጎ የላከ ኃላፊ አመልካቹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ማመልከቻው ይመለስለት። ለጎበዙ አመልካች የሚከብድ ፍርድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክርክሩም በዚህ ነጥብ ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ።