የብሎክ ተጠሪ ሳለሁ

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የሴቶች ብሎክ ተጠሪ አድርገው መረጡኝ፤ ድምፄ ስለሚጎላ ይመስለኛል። ሥራዬ የጽዳት ተራ ማውጣትና ውሃ ሲጠፋ ፕሮክተሯን መጨቅጨቅ ነበር።

አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ በየወሩ ተራዋን ትዘላለች። በጓደኞቿ ፊት ተቆጣኋት። ማታ ዶርሟ ስሄድ ሻንጣዋን እያዘጋጀች አገኘኋት። ለካ ሞዴስ መግዣ ስለሌላት በእነዚያ ቀናት ከአልጋዋ አትወርድም፤ ክፍልም አትገባም። ይቅርታ የምልበት ቃል አጣሁ።

በማግስቱ ከየዶርሙ አምስት አምስት ብር ለመንኩ። ሞዴሱን ካርቶን ውስጥ አድርገን ልብስ ማጠቢያው ጥግ አስቀመጥን፤ የምትፈልግ ሳትጠየቅ እንድትወስድ። ልጅቷም አልሄደችም።

ዛሬ በማኅበራችን ቁጠባ ያቋረጠች እህት ስትኖር፣ ስሟ በስብሰባ ከመነሳቱ በፊት ቤቷ የምሄደው ለዚህ ነው።