ከየትኛው ደብር መጣ?



የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፣ ዛሬ መካነ ሰላም ላይ ስለ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሰው ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ በ1950 አዲስ አበባ ገብተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት አደራጁ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም ከታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ጋር አብረው ደከሙ፤ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ያለው ሙዚየም የእሳቸው አሻራ አለበት። በ1983 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ሥዕል ጥናት ሳይገልጥ ስለ ሥዕላችን የጻፈ ምሁር ጥቂት ነው። በ2010 ካናዳ ውስጥ አረፉ። ክብሩ ይገባቸዋል።

ሥራቸው ግን ገና በሕይወት ሳሉ ይፈተሽ ጀመር። የእኛን ሥዕል ከውጭ ሥዕል ጋር እያስተያዩ ምንጩን መከታተል ብርቱ ጎናቸው ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ማሪሊን ሄልድማን ግን በ1994 ስለ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ሲጽፉ ትኩረቱን ወደ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የእመቤታችን ክብርና ጸሎት መለሱት። በጣና ሐይቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው የፍሬ ጽዮን ሥዕል ላይ ንጉሡም፣ አበምኔቱም ተጠቅሰዋል፤ ሠዓሊውም ራሱን ኃጥእ ብሎ ስሙን አስፍሯል።

ሥዕልን በአገሩ እምነት መረዳት እንደሚገባ የእኛው ምድር ታሪክም ያጠናክራል። አፄ በእደ ማርያም በቀድሞው ቤተ አማራ ያሠሯት አትሮንሰ ማርያም በ1531 በጦርነት ተቃጥላለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደመዘገበው፣ አንድ የቬኒስ ሰው ለዚህች ደብር ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ አድርጎ ቢሥል ሕዝቡ ተቆጣ፤ በግራ መያዝ ለጌታ ክብር አይመጥንም ብሎ። ከባሕር ማዶ የመጣውን እጅ የመዘኑት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው!

የሕዝቡ ድምፅ የሚሰማው ደብሩ ሲታወቅ ነውና፣ እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ በነጋዴ እጅ ዞሮ ሙዚየም የገባው ሥዕል ነው። ዘመኑ ይገመታል፤ የተሳለመው ሕዝብ፣ የወጣበት ደብር ግን መዝገብ ላይ የለም። ሙዚየሙ ባይገዛው ባሕር ሊሻገር ይችል እንደነበር አልክድም። ቢሆንም የሥዕሉ ግማሽ ታሪክ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ተመራቂዎች፣ የተድባበ ማርያም ደብር ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በካህናቱ ፈቃድ፣ ቅርሱን ከቦታው ሳታነሡ፣ ስሙን፣ ሰጪውን፣ የሚወጣበትን በዓል ከአባቶች ጠይቃችሁ መዝግቡ። በየመስጊዱ ያሉትን የእጅ ጽሑፎችም እንዲሁ። ቅጂው ለደብሩና ለመስጊዱ ይቅር። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራ አንድ ክፍልና አንድ ኃላፊ እንዲመድብ ዛሬ በእናንተ ፊት እጠይቃለሁ።