ቤት ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ የምስጥና የእንጨት ጉዳት ምርመራ
በማጀቴና በይፋት ቆላ ምሳሌነት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቦታው ስፋት፤ ስለ መንገዱ ቅርበት፤ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ፤ ስለ ካርታውም ትክክለኛነት ነው። ደላላውም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ይባላል። ከዚህ በኋላ ዋጋ ይቈረጣል፤ ምስክር ይቈጠራል፤ ውል ይፈረማል። ቤቱን ያቆመው እንጨት በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው የቈየ አነጋገር በቤት ግዢ ላይ በየዕለቱ ሲፈጸም ይታያል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ልማድ፤ በተለይ በይፋት ቆላ፤ ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ አደጋ እንዳለበት ማስረዳትና ከባለሙያው የሚጠበቀውን ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት በኢትዮጵያ የግል ሀብት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ሻጭ በሕግ የሚሸጠው በቦታው ላይ የቆመውን ቤት ነው፤ በቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። በገበያው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ገዢው ገንዘቡን የሚቈጥረው ለቦታው ብሎ ሲሆን ቤቱን የሚመለከተው እንደ ምራቂ ነው። በውሉ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ሳይመረምሩ መግዛት ማለት ይህ ነው።

በሸዋ ሮቢት፤ በአጣዬ፤ በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ዘወትር የሚታየው መኖሪያ ቤት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ቋሚው ጕድጓድ ተቈፍሮለት ይተከላል፤ ማገሩ በሚስማር ወይም በልጥ ይያያዛል፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግበታል፤ ከላይም ወራጅ ተደርጎ ቆርቆሮ ይመታበታል። ጭቃው ነፋስንና ፀሐይን ይከለክላል እንጂ ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ይህም እንጨት እግሩ በአፈር ውስጥ የተቀበረ ስለ ሆነ ምስጥ ከመሬት ወጥቶ ይገባበታል። ብርሃንንና ደረቅ አየርን የማይወደው ምስጥ፤ ምርጊቱ እንደ ጋሻ ሆኖለት፤ ማንም ሳያየው ከቋሚው ወደ ወራጁ ይወጣል።

ስለ ምስጥ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ ከ60 የማያንሱ የምስጥ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ የሚበዙት ለሰው ጉዳት የሌላቸው፤ ይልቁንም የወደቀ እንጨትና ሣር ወደ አፈር የሚመልሱ ናቸው። ቤትን የሚያጠቁት ጥቂቶቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ትልልቅ ኩይሳ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ከመሬት በታች ጐጆ ሠርተው ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ኩይሳ አለመታየቱ ምስጥ ለመኖሩ ማስተባበያ አይሆንም። ሠራተኞቹ ዓይን የሌላቸው ሲሆኑ፤ ወደ እንጨቱ የሚሄዱት በአፈርና በምራቅ በሠሩት የተሸፈነ መንገድ ነው። በክረምት መግቢያ፤ መጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፤ ክንፍ ያላቸው ወጥተው ይበራሉ፤ በማግሥቱም የረገፈ ክንፍ በመስኮት ሥርና በመብራት አጠገብ ይገኛል። በበጋ ደግሞ የውጪው ሣር ሲያልቅና መሬቱ ሲደርቅ ወደ ቤት የሚያዘነብሉት ይበዛሉ። በምዕራብ ወለጋ፤ በመንዲና በነጆ አካባቢ፤ ምስጥ ሰብልንና ግጦሽን ከማጥፋቱም በላይ ሰው ቤቱን በየጥቂት ዓመቱ እንዲያድስ ያስገደደ መሆኑ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው።

የእንጨቱም ዓይነት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የቀድሞ ሰዎች ለቋሚ ወይራንና ጽድን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የነዚህ እንጨቶች ጠቆር ያለው መካከለኛ ክፍል ምስጥንና መበስበስን በተፈጥሮው ይቋቋማል። የተፈጥሮ ደን ሲመናመን ግን ቦታውን የያዘው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ይላል፤ ዋጋውም ይቀላል። ዳሩ ግን ለቤት የሚቈረጠው አጠና ገና ለጋ ስለ ሆነ፤ ከአፈር ጋር ሲገናኝ ለምስጥ በቀላሉ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ጐን ለጐን ከቆሙት ሁለት ቤቶች፤ አሮጌው ጤነኛ፤ አዲሱ ግን የተበላ ሆኖ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም። ዕድሜ ብቻውን ለመርማሪው መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

ይህ ሁሉ በየትኛውም ቆላ የሚደርስ ነው። ማጀቴን ልዩ የሚያደርጋት የምድሩ ጠባይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ደረሰ። ከሁሉ የበረታው ግንቦት 24 ቀን የደረሰው ሲሆን መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ፤ ብዙ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ይህን አደጋ መዝግበውታል። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መጠኑ ከ5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ደርሶ በአዋሽ አካባቢ ቤት አፍርሷል፤ ሰው አፈናቅሏል፤ እስከ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። ይፋት የቆመው በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው።

የማጀቴን ጥፋት ያመጣው የምድር ኃይል እንጂ ምስጥ አይደለም። የሁለቱ ጉዳይ የሚገናኘው በሌላ መንገድ ነው። በደንብ የተያያዘ የእንጨት ቤት መሬት ሲንቀጠቀጥ ይወዛወዛል፤ ጭቃው ይረግፋል፤ አጽሙ ግን ጣራውን ይዞ ሊቆይና በውስጡ ያለው ሰው የሚወጣበትን ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በጭቃ ብቻ የተካበ ድንጋይ ይህ ችሎታ የለውም። እንግዲህ የእንጨት ቤት ዋና ጥቅሙ በአጽሙ ውስጥ ከሆነ፤ ምስጥ የሚወስደው ያንን ጥቅም ነው። እግሩ የተበላ ቋሚ በሰላሙ ቀን ከላይ የሚመጣውን ክብደት በምርጊቱ እየታገዘ ይሸከማል፤ ከጐን የሚገፋው ኃይል ሲመጣ ግን ከሥሩ ይቈረጣል። ስለዚህ በይፋት የእንጨት ምርመራ የዋጋ መደራደሪያ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የእጅ ባትሪ፤ ወስፌ ወይም ሰንጢ፤ ትንሽ መዶሻ፤ መሰላልና ደብተር ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተልና ትዕግሥት ነው።

መርማሪው ከውጭ ይጀምራል። በግድግዳው ሥር አፈር ተከምሮ፤ ማገዶ ተደርድሮ፤ ጭድ ወይም ፍግ ተጠግቶ እንደ ሆነ ያያል። የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ይመለከታል፤ ምክንያቱም ዘወትር የሚረጥብ ግድግዳ ምስጥንም መበስበስንም ይጋብዛል። በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ የአፈር መስመር ካለ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ የበሩንና የመስኮቱን መቃን፤ ደፉን፤ ከመታጠቢያና ከማድ ቤት ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳ፤ ከቁም ሣጥንና ከአልጋ ጀርባ ያለውን ጥግ ይፈትሻል። ቋሚውን ከሥር እስከ ጕልበት ቁመት ባለው ክፍል በመዶሻ ይመታል፤ ጤነኛ እንጨት ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ የተቦረቦረው እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። በተጠረጠረው ቦታ ወስፌውን ይወጋል፤ ወስፌው ያለ ጭንቅ ከገባ የእንጨቱ ውስጥ አልቋል። በመጨረሻ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ ወራጁ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ያያል። ማድ ቤቱ ጢስ የጠገበ ጣራ ካለው፤ የዚያ እንጨት ደኅና መሆን ለሌላው ክፍል ምስክር እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ሦስት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው፤ ከወገብ በታች ብቻ በቅርብ የተለሰነ ወይም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ሻጩ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው፤ ጉዳቱ የቆመ ወይም የቀጠለ መሆኑን መለየት ነው። ለዚህም ከአፈሩ መስመር ጥቂቱን አፍርሶ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ማየት ይረዳል፤ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ሳይጠገን ቢገኝ ግን መንገዱን ቀይሮ ይሆናልና በዚህ ብቻ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ሦስተኛው፤ የጉዳቱን ባለቤት መለየት ነው። በእንጨቱ ላይ ደቃቅ ክብ ቀዳዳና ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከታየ የነቀዝ ሥራ ነው፤ እንጨቱ ጠቁሮ፤ ለስልሶና ተሰነጣጥቆ ሲገኝ ደግሞ የመበስበስ ነው፤ ውስጡ ተቦርቡሮ አፈር የተሞላ ከሆነ የምስጥ ነው። መድኃኒታቸውም እንደዚሁ ይለያያል፤ የበሰበሰን እንጨት የሚያድነው ውሃውን ማራቅ እንጂ የምስጥ መርዝ አይደለም።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጽሑፉ ነው። የቃል ምስክርነት ነገ ይካዳል። ጽሑፉ ቀኑን፤ የታዩትን ክፍሎች፤ የተጎዱትን ቋሚዎችና ወራጆች ብዛትና ቦታ፤ ጉዳቱ ሕያው ወይም አሮጌ መሆኑን፤ የጥገናውንም ግምት መያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልታየውን መናገር አለበት፤ የተቈለፈ ክፍል፤ ያልተከፈተ ኮርኒስ፤ ዕቃ የተከመረበት ጥግ በስም ይጻፍ። በአሜሪካ አገር በመንግሥት ዋስትና በሚሰጥ የቤት ብድር ላይ በብዙ ክፍላተ ሀገር የዚህ ዓይነት የምስጥ ምርመራ ወረቀት ይጠየቃል፤ በዚያ ቤት የገዙ አያሌ ኢትዮጵያውያንም ያውቁታል። ያ ወረቀት በዕለቱ የታየውን ይመሰክራል እንጂ ለወደፊቱ ዋስ አይሆንም። መርማሪው ከሻጭም ሆነ ከደላላ ገንዘብ የማይቀበል፤ መድኃኒት በመርጨቱም ሥራ ጥቅም የሌለው ቢሆን ቃሉ ይታመናል።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ይኸው ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን፤ ገዢም የተረከበውን ቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። የምርመራው ወረቀት ከውሉ ጋር ቢያያዝ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ፤ ገዢው የገዛውን ያውቃል፤ ቅን ሻጭም ከርክክብ በኋላ ለደረሰ ጉዳት አይከሰስም።

ጉዳት የተገኘበት ቤት ሁሉ አይጣልም። የተበላው ቋሚ ተቈርጦ በደረቅና በጸና እንጨት ሊተካ፤ እግሩም ከአፈር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ታስሮ ሊያርፍ ይችላል። ምስጥ ድንጋዩን ተሻግሮ ሊወጣ ቢችልም መንገዱ በዓይን ስለሚታይ በጊዜው ይደረስበታል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ከላይ ከመልበስ አልፎ ወደ እንጨቱ ልብ አይደርስም፤ አፈርንና ውሃንም ይበክላል። ቀድሞ የምስጥ መድኃኒት የነበሩት አልድሪንና ክሎርዴን በሰውና በአካባቢ ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ምክንያት በ1993 ዓ.ም. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከተወገዙት መካከል ናቸው፤ በአሮጌ መጋዘን ተርፈው ቢገኙ ወደ መኖሪያ ቤት ሊገቡ አይገባም።

የማኅበሩ አባላት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ከዚህ ይከተላል። በአንድ ገጽ የሚያልቅ፤ አናጢው አንብቦ የሚሞላው፤ ገዢው አንብቦ የሚረዳው የምርመራ ቅጽ በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል። በየከተማው ያሉ አናጢዎች ለምርመራው በእጅ ሊሠለጥኑ ይችላሉ፤ የምስጥን አካሄድ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት አሮጌ ቤት የሚያፈርሱትና የሚጠግኑት እነርሱ ናቸውና። በ2013 ዓ.ም. በግጭት ብዙ ቤት በተቃጠለባት በአጣዬ እንደገና የሚተከል ቋሚ ሁሉ ነገ የሚሸጥ ወይም ለልጅ የሚወረስ ቤት ይሸከማል፤ ምርመራው በዚያ ላይ ከተከላው ቀን ቢጀምር የተሻለ ነው። ቤት ሲታይ ከጣራ እስከ ወለል መባሉ የተለመደ ነው። በይፋት ግን ወስፌው ከወለሉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፤ ቋሚው ከአፈሩ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ መውረድ አለበት፤ ቤቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያ ቦታ ነው።