የ40 ኪሎ እርሳስ ትምህርት



ዛሬ የምናገረው ስለ ታላቅ ግድብ ወይም ስለ ረጅም ድልድይ ሳይሆን፣ በመኪና ተሳቢ ተጭና ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስለምትጓዝ አነስተኛ ባለሸራ ጀልባ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በእርሷ ላይ የሠራሁት ስሕተት ሁላችንንም ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ባለሸራ ጀልባ ነፋስ ወደ ጎን ሲገፋት እንዳትገለበጥ የሚያደርጋት፣ ከሆዷ በታች የሚወርደው ኪል የተባለ ከባድ ክንፍ ነው። በተሳቢ ለምትጫን ጀልባ ግን ቋሚ ኪል ስለማይመች፣ በፒን ላይ እየዞረ በሽቦ ገመድና በእጅ ዊንች ከፍና ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራችው ካታሊና 22 ለዚህ የታወቀች ምሳሌ ናት፤ ኪሏ 250 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ጀልባዋ ኪሉ ሲነሣ 60 ሳንቲሜትር፣ ሲወርድ ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል የውሃ ጥልቀት ትፈልጋለች።

በአሜሪካ ለትምህርት ሳለሁ አንድ ወዳጄ ይህን የመሰለች ጀልባ ነበረችው። በብርቱ ነፋስ አብዝታ ታዘነብላለች ብሎ ቢያማክረኝ፣ በኪሉ ጫፍ 40 ኪሎ እርሳስ እንዲጨመር መከርሁት። ጀልባዋን ቀጥ የሚያደርገው ኃይል ምን ያህል እንደሚያድግ አስልቼ ተደሰትሁ። በእርግጥም ጀልባዋ ረጋች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኪሉን ስናነሣ የመበጠስ ድምፅ ሰማን። ብንመረምር ከገመዱ የሽቦ ክሮች ብዙዎቹ ተበጥሰው፣ የፒኑም ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ አገኘነው። በዚያው ቀን የወዳጄ ሁለት ልጆች በጀልባዋ ላይ ነበሩ። ገመዱ ፈጽሞ ቢበጠስ ኖሮ፣ 290 ኪሎ ብረትና እርሳስ በአንድ ጊዜ ወርዶ የጀልባዋን ሆድ ሊሰብርና ውሃ ሊያስገባ ይችል ነበር።

የኪሉ የክብደት ማዕከል ከፒኑ 70 ሳንቲሜትር ይርቅ ስለነበረ፣ ኪሉ አግድም ሲሆን ሞመንቱ 175 ኪሎግራም-ሜትር ነው። እርሳሱ ግን በ140 ሳንቲሜትር ርቀት በመታሰሩ ብቻውን 56 ጨመረ። እንግዲህ ክብደቱ 16 በመቶ ሲያድግ፣ በአሮጌው ገመድ ላይ ያረፈው ጭነት 32 በመቶ አደገ። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያሰላዋል፤ እኔ ግን ከተጠየቅሁት አልፌ አላሰላሁም።

እርሳሱን አወጣነው፤ ገመዱንና ፒኑን ለወጥን፤ ቀዳዳውንም አደስን። ለነፋሱ መፍትሔ የሆነው ሸራውን በጊዜ ማሳነስ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ በተሠራ ነገር ላይ ስንጨምር፣ ጭነቱን ከሚነሣበት እስከሚያርፍበት ድረስ እንከተለው። ያላሰላነውን የሚሸከሙት ሌሎች ናቸውና።