ሞተር ስለሌለው ሠረገላ
በመስኮብ አገር በብርድ ወራት ሰዎች ከፍ ያለ የእንጨት ቁልቁለት ሠርተው፣ በረዶ አልብሰው ይንሸራተቱበት ነበረ፤ ሮለር ኮስተር የተባለው፣ ሰው አሳፍሮ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጠው መጫወቻ መነሻው ይኸው ነው። ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ የእንጨት መንገድ ዘርግቶ ሕዝቡን በ5 የአሜሪካ ሳንቲም አሳፈረ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ደኅና ሰጋር በቅሎ ትቀድመዋለች። ሽቅብ የሚገፉት ሠራተኞች ነበሩ፤ ኋላ ሰንሰለት ተተካላቸው።

ሠረገላው ከአናት ከተለቀቀ በኋላ የሚነዳው የገዛ ክብደቱ ነው፤ ሰበቃ ኃይሉን እየበላ ስለሚሄድም ተከታዩ ኮረብታ ሁሉ ከመጀመሪያው ዝቅ ማለት ይገባዋል። ጫፉን በፍጥነት ሲያልፍ ግን ተሳፋሪውን እንደ ያዘ ከሐዲዱ ሊነሣ ይቃጣዋል፤ ስለዚህ የጥንቶቹ ቁልቁለቶች ለዘብ ያሉ ነበሩ። ጆን ሚለር ሐዲዱን ከበታቹ የሚይዝ መንኰራኵር ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት ከተሰጠው ወዲህ፣ ገደል የሚመስል ቁልቁለት መሥራት ተቻለ።